የአያ ጅቦ ግማሽ ማራቶን

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፋና የእንስሳቱ ኩሬ ደረቀ። ከተራራው ማዶ፣ በሌላ አገር፣ የማይነጥፍ ምንጭ ነበር። የዚያ አገር ንጉሥ አንበሳ «ግማሽ ማራቶን አዘጋጅቻለሁ። ከየአገሩ አንድ ሯጭ ይመዝገብ። ሯጩ እስከ መጨረሻው ከሮጠ አገሩ በሙሉ ከምንጬ ይጠጣል» ብሎ ላከ።

አህያ ይህን እንደሰማች በየማለዳው ዳገት መሮጥ ጀመረች። አንድ ወር ሙሉ አላረፈችም። ጅብ ግን ሁለት ቀን ብቻ ሮጠ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ የሞተ በሬ አገኘና ልምምዱ እዚያው አበቃ።

ሯጭ የምትመርጠው ቀበሮ ነበረች። ጅብ ጠጋ ብሎ «እኔን ከላክሽኝ፣ ማዶ ከሚጋብዙኝ ሥጋ ግማሹ ያንቺ ነው» አላት።

በማግስቱ ቀበሮ «የሚሮጥልን አያ ጅቦ ነው» ብላ አወጀች።

«እሱ መቼ ተለማመደና?» ብላ አህያ ጮኸች።

«እትዬ አህያ፣ አንቺን ብንልክ የማዶዎቹ ምን ይሉናል? ይልቅ ስንቁን ተሸከሚለት።»

እንስሳቱ ሁሉ ሳቁ። አህያ ብትናደድም ውሃው ለሁሉም ነውና ስንቁን ተሸክማ ሄደች።

በሩጫው ማለዳ ለእንግዶቹ ሥጋ ቀረበ። ሌሎቹ ሯጮች ቀመስ አድርገው ተነሡ። ጅብ ግን አጥንቱን ሳይቀር ሙልጭ አድርጎ በላ። ለቀበሮ ቃል የገባውን እንኳ አላስተረፈም።

ሩጫው ሲጀመር አህያ ስንቁን ተሸክማ ከጎኑ ሮጠች። ገና ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጅብ ሆዱን ይዞ ተዘረረ።

«እትዬ አህያ፣ እባክሽ እዘዪኝ!»

«ተነሥ! አገር ሁሉ ተጠምቶ አንተ ትተኛለህ?»

«እኔስ ጠግቤያለሁ» አለ ጅብ።

አህያ በንዴት ስንቁን አራገፈችና ብቻዋን ፈረጠጠች። ሃያ አንዱንም ኪሎ ሜትር ሮጣ፣ ኮቴዋ እየደማ ገባች።

አንበሳ መዝገቡን ገለጠ። «የአገራችሁ ሯጭ ጅብ ይላል። የት አለ?»

«ወድቆ ቀረ። እኔ ግን ጨርሻለሁ!»

«አይቻለሁ። ስምሽ ግን የለም» አላት።

አገሯ ስትመለስ እንስሳቱ ከበቧት። «ውሃውስ?»

«ሮጬ ጨረስኩ፣ አልተመዘገብሽም ተባልኩ!» አለች አህያ። «ውሃውን ቀበሮን ጠይቋት!»

ዞር ሲሉ ቀበሮ ሹልክ ብላ ጠፍታለች። በዚያው ሳምንት እንስሳቱ አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ።

ከዚህ የምንማረው በጉቦ የተላከ ሯጭ ሲወድቅ ራሱን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ይዞ እንደሚወድቅ ነው።