ቁልቁለቱን በመኪና

አንድ ሯጭ ነበረ፤ ዳገት የሚወድ።

«አባ፣ ጾሙን ከማንም በላይ አጥብቄ ይዤ ፋሲካ ሲመጣ ለምን እወድቃለሁ?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? ጥያቄህን አልረሳሁትም። መልሱ ያለው ግን ከዚህ ሯጭ ዘንድ ነው። ስግደቱ ጉልበትህን አድክሞት ከሆነ እዚያ ድንጋይ ላይ አረፍ በልና ስማኝ።

ዳገት ይወዳል ስልህ ተራ መውደድ አይምሰልህ። ሌላው ሰው ተራራ ሲያይ «ኧረ በስመ አብ!» ይላል፤ እሱ ተራራ ሲያይ የጫማውን ክር ያጠብቃል። ከመንደሩ በላይ አንድ ትልቅ ተራራ አለ፤ መንገዱ ተጠማዞ ተጠማዞ የማያልቅ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ያለበት። ሯጩ ጎህ ሲቀድ በሶውን በጥብጦ ይጠጣና ሽቅብ ይለቀዋል። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ውርጭ ቢሆን ግድ የለውም። ሰው «ይህ ልጅ ዳገት የሚያይ አይመስለኝም» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ የሚደክመው በከንቱ አልነበረም። በዚያ አገር ከማራቶን እጥፍ የሚረዝም ሩጫ ሊካሄድ ነው ተብሎ ተነግሯል። ከአንድ ከተማ በንጋት ይነሣል፣ ሁለት ተራራ ያቋርጣል፣ ሐይቅ ዳር ያልቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቁ ዳር የደረሰ ሁሉ ክለብ ይገባል፤ ጀንበር የቀደመችው ወደመጣበት ይመለሳል።

ሯጩ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ገበሬ ነው። አባታቸው የተወላቸውን መሬት የሚያርሱት አብረው ነበር። የሩጫው ወሬ የተሰማ ዕለት ታናሽየው ከታላቁ እግር ሥር ወደቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ዓመት ብቻ ስጠኝ» አለው።

ታላቅየው ብዙ አሰበ። ሁለት ሰው የሚያደክም መሬት ነው። በመጨረሻ፣ «ይሁን» አለ፤ «ዘንድሮ ያንተንም የእኔንም አርሳለሁ። ያንተ ሥራ ሩጫ ነው። ከገባህ እሰየው! ካልገባህ ግን ሞፈሩን ትይዛለህ፤ ሁለተኛ የሩጫን ስም እንዳታነሣብኝ።»

ሯጩ የወንድሙን ጉልበት ስሞ ተነሣ። ያለው አንድ ዓመት ነው፤ እሱም የራሱ ሳይሆን የወንድሙ ወገብ የከፈለው ዓመት ነው። ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማንም ያልሮጠውን ያህል ሮጠ።

ግን ስማ እንግዲህ ስህተቱን። ካባው ዘንድ ሲደርስ ድንጋይ የጫነ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። ሾፌሩ ወዳጁ ነው። «ና ግባ ጀግናው!» ይልና የጋቢናውን በር ይከፍትለታል። ሯጩ ገብቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ከሾፌሩ ጋር እየተሳሳቀ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ዘሎ ይወርድና እንደገና ሽቅብ! ሌላው አንድ ጊዜ ሲወጣ እሱ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ብልጠቱ አይገርምህም? እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

«ቁልቁለት ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልገዋል?» ይል ነበር። «ድንጋይ እንኳ ሳይማር ይወርዳል!»

በዚያው ተራራ ላይ ለዚያው ሩጫ የምትዘጋጅ አንዲት ሴት ነበረች። ዳገቱን ስትወጣ ከእሱ በጣም ትዘገያለች። ቁልቁለቱን ግን በእግሯ ነው የምትወርደው፤ አጭር አጭር እየረገጠች፣ ጉልበቷን ሸብረክ እያደረገች፣ መኪናው አቧራ እያለበሳት። አንድ ቀን ሯጩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«እህቴ፣ ነይ ግቢ እንጂ! ለቁልቁለትም ይደከማል እንዴ?» አላት።

«ሂድ ወንድሜ፣ በሰላም ግባ!» አለች ሳትቆም። «እኔ የምወዳደርበት ቀን መኪና የለም!»

ሾፌሩና ሯጩ ተያይተው በሳቅ ፈነዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ያን ጠዋት ብታየው! ሕዝቡ ከየመንደሩ ፈልሶ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል፤ ጡሩንባው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው! ሯጩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ግን ድካም የሚባል ነገር ሰውነቱ ውስጥ የለም። ተኩሱ ሲሰማ እንደ ውሽንፍር ወጣ። የመጀመሪያውን ተራራ ሲወጣ ማን ይድረስበት? አንዱን አለፈ፣ አምስቱን አለፈ፣ ሁሉንም አለፈ። «ወንዱ! ወንዱ! በለው!» ይላል ሰው። እሱ ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። ዓመት ሙሉ የደከመለት ቀን ይህ ነው፤ ደስታው ሊያስለቅሰው ደርሷል።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሯጩ ራሱን ለቀቀ። ያው እንዳለው እንደ ድንጋይ ተንደረደረ! ታች ሲደርስ ጭኖቹ ትንሽ ተንቀጠቀጡ። «ብርዱ ነው» ብሎ አለፈው። ፀሐዩ ግን አናት ይበሳ ነበር።

ሁለተኛውን ተራራ ሲወጣ አሁንም ፊተኛ ነው። ጫፉ ላይ ሴቶች በእልልታ ተቀበሉት፤ ውኃ አፈሰሱበት። ሯጩ ቀና ቢል ሐይቁ ከሥሩ ተዘርግቶ ያብለጨልጫል። ያ ሁሉ ዳገት አልቋል! የቀረው መውረድ ብቻ ነው። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ወንድሙ የሚሰማው ይመስል፣ «ወንድም ጋሼ፣ ገባሁልህ!» ብሎ ጮኸ።

እንዳልገባ ግን ጥቂት ጥምዝ እንደወረደ አወቀ።

ዳገት የሚጠይቅህ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ ቆም ብትል ይመለስልሃል። ቁልቁለት ግን የሚጠይቅህ ጭንህን ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ገላህ ይወድቃል፣ እግርህ ይይዘዋል፤ ይወድቃል፣ ይይዘዋል። ያልለመደ ጭን አንዴ ከከዳ ከዳ ነው። የሯጩም ጭን ከዳው። ቀኝ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ወደቀ። ተነሣ። ግራው ታጠፈ፣ ወደቀ። ዳግመኛ መነሣት አቃተውና ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

ኋላ የተዋቸው ሁሉ መምጣት ጀመሩ። አንዱ አለፈው፣ ሌላው አለፈው። «አይዞህ!» እያሉ ነው የሚያልፉት፤ «አይዞህ» ግን እግር አይሆንም። እሱ በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? መኪና ይመጣ እንደሆነ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ! ልማድ ክፉ ነው ልጄ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሁለት ሰው የሚያርሰውን መሬት ብቻውን ሲያርስ የከረመው ወንድሙ ሐይቁ ዳር ቆሞ እየጠበቀው ነው።

በዚህ መካከል አጭር አጭር የሚረግጥ እግር ሰማ። ያቺ ሴት ናት። «መኪናህስ?» ብትለው ይገባት ነበር፤ አላለችም። ሳትቆም ቁልቁል እያየችው፣

«ጭንህ ከዳህ?» አለችው።

«ከዳኝ እህቴ። አለቀልኝ።»

«ምን አለቀልህ! እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ሆኜ ነበር። ተነሣና ዙር! ፊትህን ወደ ተራራው፣ ጀርባህን ወደ ሐይቁ! በጀርባህ ውረድ!»

ይህን ብላ በጥምዙ ተሰወረች።

በጀርባ! ሲያጨበጭብለት የዋለው ሕዝብ ሁሉ እያየው! ፊተኛ የነበረ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንደ… ምን ልበልህ፣ እንደ እብድ ወደ ኋላው ሲሄድ! ሯጩ ከዚህስ መሞት የሚሻለው መሰለው። መንገዱ ላይ ያሉትን ሰዎች አየ፤ ከዚያ የወንድሙን ወገብ አሰበ። ተነሣ። ዞረ። የእግሩን ጣት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ላከ፣ መሬቱን ነካ፣ ተረከዙን አሳረፈ። እግሩ ያዘ። ሌላውን ላከ፤ ያም ያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያዘ!

የሰዉን ሳቅ ተወው። «ኧረ ሰውዬው ወደ ተራራው ሊመለስ ነው!» ይላል አንዱ። «ወንድም፣ ሐይቁ በወዲያ ነው!» ይላል ሌላው። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሯጩ ጥርሱን ነክሶ ይወርዳል። ፀሐይዋን አያያትም፤ ከጀርባው ናት። የሚያየው ተራራውን ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ የራሱ ጥላ ከእግሩ ሥር ወደ ተራራው እየረዘመ፣ እየረዘመ ነው። ጥላው ሲረዝም ጀንበሯ እየወረደች መሆኗ ነው። ፈጠነ። ቢፈጥን ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ሲል አንዲት ሴትዮ፣

«ቀኝ! ወደ ቀኝህ በል ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ወደ ቀኙ አለ። ተረፈ። ሌላው ሰውዬ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ሜዳ ነው!» አለው። «ግራ! ድንጋይ አለ!» «አሁን ጥምዝ ነው፣ ዙር!» ጥቂት ቀደም ብሎ የሳቀው ሕዝብ ሁሉ ዓይን ሆነለት። መንገዱ በሙሉ ድምፅ ሆነ፤ አንዱ መንደር ለቀጣዩ መንደር እያስረከበው፣ «መጣ! መጣላችሁ! በጀርባው የሚመጣውን ጠብቁት!» እያለ። እኔ ይህን ስናገር እንኳ ልቤ ይመታል! ጥላው ግን ረዝሞ ረዝሞ ተራራው ሥር ደርሷል። ተራራው ላይ ያረፈችው ብርሃን ቀልታ ልትጠፋ ነው።

«ቀጥል! ቀጥል! ቀጥል!»

ድንገት ጀርባው ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ። ሁለት ጠንካራ ክንዶች ከኋላ ጥርቅም አድርገው ያዙት።

«ልቀቁኝ!» ብሎ ጮኸ። «ልቀቁኝ ገና ነኝ! አልደረስኩም!»

«ደርሰሃል» አለ ድምፁ። «ኧረ ደርሰሃል አንተ ልጅ! መስመሩን አልፈህ ልትሄድ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ነው!»

የወንድሙ ደረት ነበር። ሯጩ ዞሮ ሲያይ ከሐይቁ ማዶ የፀሐይዋ ጠርዝ ገና አልገባም። ታላቅየው እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ ይስቃል። «ስንት ዘመን አረስኩ» አለ፤ «ወደ ኋላ እየሄደ ማሳውን የሚጨርስ በሬ ያየሁት ዛሬ ነው!»

ክለብ ገባ። አንደኛ አልወጣም፤ ያቺ ሴት ናት ከፊተኞቹ መካከል የገባችው። እሱ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ፤ ሳምንት ሙሉም ከአልጋ የሚነሣው ሰው ደግፎት ነበር። ገባ ግን።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሯጭ አንተ ነህ።

ሁዳዴ ሲገባ እንዴት እንደምትወጣው አይቻለሁ። አረቄውን ትተዋለህ፣ ምላስህን ትሰበስባለህ፣ ለሚስትህ ትለሰልሳለህ። ሰው ያደንቅሃል፤ እውነት ለመናገር እኔም አደንቅሃለሁ። የትንሣኤ ዕለት ግን «ደረስኩ! ዳገቱ አለቀ!» ትልና ራስህን ትለቃለህ። ከዚያ በኋላ ያለውን በዓሉ ራሱ ይዞኝ ይሄዳል ብለህ። ይዞህም ይሄዳል፤ ሰክረህ ትገባለህ። በማግስቱ ሚስትህ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ናት። ዘንድሮ ከሄደች እንደማትመለስ የነገርከኝ አንተው ነህ።

አምላክህ የሰጠህ መንገድ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ መውረዱም የመንገዱ ግማሽ ነው። አንተ ግን ይህን ያህል ዓመት አንዱን ግማሽ ብቻ ስትለማመድ ኖርክ። እሑድ ደግሞ ፋሲካ ነው፤ መለማመጃ ቀን አልቀረህም። ስለዚህ እንደ ሯጩ ዙር። ወዳጆችህ «ና ግባ ጀግናው፣ ሁለት ወር ሙሉ ጾመህ!» ሲሉህ፣ «እኔ መውረድ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ሆኜ ሚስቴ እያየችኝ ነው የምጠጣው» በላቸው። ይስቁብሃል፤ ይሳቁ። በሚስቱ ይዳኛል ይሉሃል፤ ይበሉ። ከሳቁት መካከል «ወደ ቀኝህ በል» የሚልህ አንድ ሰው አታጣም።

ጾምን ታውቅበታለህ። ያልተማርከው መፈሰክን ነው። በል ተነሣ፤ ለሚስትህም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችሁ እንደምመጣ ንገራት። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ አብረን እንጠጣለን፤ ሁለተኛዋን አብረን እንተዋለን።