ጨጨብሳ የጫነችው ባጃጅ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ በበረቱ የቆመችው ግን ላም አይደለችም፣ ባጃጅ ናት።

የባጃጇ ባለቤት ጥሩዓለም ትባላለች። ብየዳ ሰፈር ሠራተኛው ቁርስ ሳይቀምስ ሲውል አይታ፣ ከሆቴል ወጥ ቤት ሥራዋ ወጣች። የባጃጇን የኋላ ወንበር ነቅላ ምድጃና የጋዝ ሲሊንደር ጫነችበት። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ሰፈር ቆማ ጨጨብሳ መሸጥ።

ንግድ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ደምሰው ማመልከቻዋን ተቀብሎ፣ በአሥራ አምስት ቀን የሚፈለገውን ካላሟላች ማመልከቻው እንደሚወድቅ፣ መቆሚያ ቦታውም ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት። ያለ ጤና ወረቀት ግን አልፈቅድም አለ። ንግድ አልፈቅድ ቢል ጨጨብሳው አይሸጥ። ነገ ተመለሺ ብሎ ሸኛት።

ጤና ቢሮ ሄደች። ሲስተር አያንቱ ጥፍሯን አየች፣ ሣህኖቿን አገላበጠች፣ እንከን አላገኘችም። ግን በባጃጅ ላይ እሳት ይነድዳልና እሳት አደጋ ሳያየው አልፈርምም አለች። ጤና አልፈርም ቢል ንግድ አልፈቅድ፣ ንግድ አልፈቅድ ቢል ጨጨብሳው አይሸጥ። እሷም ነገ ተመለሺ አለች።

እሳት አደጋ ሄደች። ኃላፊው ከሩቅ አይቶ፣ ወንበሯ የተነቀለ ባጃጅ ምርመራ ሳታልፍ አላይም አለ። እሳት አደጋ አላይ ቢል ጤና አልፈርም፣ ጤና አልፈርም ቢል ንግድ አልፈቅድ፣ ንግድ አልፈቅድ ቢል ጨጨብሳው አይሸጥ። ነገ ተመለሺ። «ነገ» ስንት ቀን እንዳለው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የመኪና ምርመራ ሄደች። መርማሪው ባጃጇን ቢነዳት ሲሊንደሩ ከወዲያ ወዲህ ተንከባለለ። በብረት ካልታሰረ አላሳልፍም አለ፤ በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። ምርመራ አላሳልፍ ቢል እሳት አደጋ አላይ፣ እሳት አደጋ አላይ ቢል ጤና አልፈርም፣ ጤና አልፈርም ቢል ንግድ አልፈቅድ፣ ንግድ አልፈቅድ ቢል ጨጨብሳው አይሸጥ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ብየዳ ሰፈር፣ በያጁ ጋሽ ወርዶፋ ዘንድ ደረሰች። ጋሽ ወርዶፋ የማሰሪያውን ብረት አዩ፣ ሲሊንደሩን አዩ፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግን አላጠለቁም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ በዚያ ሰፈር ለመብላት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ አልበይድም አሉ። በያጅ አልበይድ ቢል ምርመራ አላሳልፍ፣ ምርመራ አላሳልፍ ቢል እሳት አደጋ አላይ፣ እሳት አደጋ አላይ ቢል ጤና አልፈርም፣ ጤና አልፈርም ቢል ንግድ አልፈቅድ፣ ንግድ አልፈቅድ ቢል ጨጨብሳው አይሸጥ፤ ጨጨብሳው ባይሸጥ በያጅ አይበላ፣ በያጅ ባይበላ አይበይድ! ጥሩዓለም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጋሽ ወርዶፋ በባጃጇ ላይ የጫነችውን ዱቄት በዓይናቸው ካዩ ቆይተዋል። ታዲያ ጨጨብሳውን ለምን አትሠሪም አሏት።

«ያለ ፈቃድ ሸጠች ተብዬ ባጃጄ ትወሰድ፣ ጋሼ?»

«ማን ሽጪልኝ አለሽ፣ ልጄ? ጋብዢኝ። ሰው ለመጋበዝ ፈቃድ ሲወጣ አላየሁም።»

ጥሩዓለም ዓይኗን ጠረገች። ምድጃውንና ሲሊንደሩን መሬት አወረደች፣ ቂጣውን ጋግራ ቆራረሰች፣ በቅቤና በበርበሬ ለወሰች። ጋሽ ወርዶፋ እስኪጠግቡ በሉ፤ እጃቸውም ጸና።

በያጅ ቢበላ በየደ፣ በያጅ ቢበይድ ምርመራ አሳለፈ፣ ምርመራ ቢያሳልፍ እሳት አደጋ አየ፣ እሳት አደጋ ቢያይ ጤና ፈረመ፣ ጤና ቢፈርም ንግድ ፈቀደ። አሥራ አምስተኛው ቀን ነበር፤ ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው።

ጥሩዓለም ፈቃዱን በባጃጇ መስታወት ላይ ለጠፈች፤ በማግስቱ በያጆቹ በማለዳ ተሰለፉ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጸሐፊው ደምሰው ብቅ አለ። ፈቃዱ በሚታይ ቦታ መለጠፉን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት አለ፤ ዓይኑ ግን ወረቀቱን አልፎ መጥበሻው ላይ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሣህን ጠየቀ። ጥሩዓለም መጥበሻውን ዘንበል አድርጋ አሳየችው። እውነትም ባዶ ነው።

«አልቋል» አለችው፤ «ነገ ይመለሱ።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጨጨብሳ አብሱ።