የእናኑ ፈትልና ደህና ነሽ ያለው ወረቀት

ነገሬ ረጅም ክር ነው፤ ጫፉን ያዙልኝና ቀስ እያላችሁ ተከተሉኝ።

እናኑ የምትባል ፈታይ ነበረች። «የእሷን ድር የዘረጋ ሸማኔ ቋጠሮ ሲፈልግ ዓይኑ አይደክምም» ይባልላት ነበር። ይህች ሴት አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች፤ ልጇ ስመኝ በጥር ስትዳር ለምትለብሰው ቀሚስ ክሩን በራሷ እጅ መፍተል። በተገዛ ክር ተሞሽራ ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ የለችምና።

መስከረም እንደጠባ ባዘቶዋን ይዛ ተቀመጠች። እንዝርቱ አንዴ ዞረና ወደቀ።

«ምነው ምን ነካህ?» አለችው።

«እኔን ምን ይንካኝ? የያዘኝ እጅ ደንዝዟል። እጅ ሳይሞቅ እኔ አልሾርም» አለ እንዝርት።

እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

ወደ እጇ ዞረች። «እጄ ሆይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ይበርድሃል? እንዝርቱን አሹርልኝ እንጂ!»

«የሚያሞቀኝ ፀሐይ አይደለም፤ የማለዳዋ ኪኒን ናት። እሷ ካልጨመረች አልሞቅም» አለ እጅ።

እጅ አልሞቅም አለ፤ እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

ከአራት ዓመት በፊት የእናኑ እንቅርት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በባዶ ሆዷ የወጣውን ዕጢ ሥራ የምትተካ አንዲት ነጭ ኪኒን ትውጣለች። ብልቃጡን አንስታ፣ «አንቺ፣ እጄን አሙቂልኝ» አለቻት።

«እኔ የታዘዝኩትን ያህል ነኝ። ሐኪም ሳያዝ ፍርፋሪ አልጨምርም» አለች ኪኒን።

ኪኒን አልጨምርም አለች፤ እጅ አልሞቅም አለ፤ እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

ባሏ አቶ ላቀው ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፈገግታው ጥሩ፣ ጊዜው ግን አጭር።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ተኝቼ አድሬ ደክሞኝ እነሳለሁ። ሰው ሲሞቀው እኔን ይበርደኛል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።»

ደሟ ተቀዳ፤ ወረቀቱ መጣ። ሐኪሙ አየና፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ደህና ነዎት! ወረቀቱ ሳይለኝ እኔ ሌላ አላዝም» አለ።

ሐኪም አላዝም አለ፤ ኪኒን አልጨምርም አለች፤ እጅ አልሞቅም አለ፤ እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

በመንገድ ላይ ላቀው ሳቅ አለና፣ «ወረቀቱ ደህና ነሽ ካለ እንግዲህ ስንፍና ሊሆን ነው። ክሩን ከገበያ እንግዛው ይሆን?» አላት።

«ስንፍና? እኔን?» እናኑ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት የለበስከውን ጋቢ ማን ፈተለልህ?» ላቀው ጋቢውን ሰብስቦ መንገዱን ቀጠለ።

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋችው። «አንተ፣ በምን አውቀህ ነው ደህና ነሽ የምትለኝ?»

«ደም የነገረኝን ጻፍኩ። ቁጥርሽ ከደህና ሰዎች ቁጥር መካከል ነው። ደም ሌላ ካልነገረኝ ቃሌን አላጥፍም» አለ ወረቀት።

ወረቀት ቃሌን አላጥፍም አለ፤ ሐኪም አላዝም አለ፤ ኪኒን አልጨምርም አለች፤ እጅ አልሞቅም አለ፤ እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

«ደሜ ሆይ፣» አለች፣ «ሥጋዬ ሆነህ ሳለ ለምን ዋሸህብኝ?»

«አልዋሸሁም!» አለ ደም ተቆጥቶ። «ስለ እንቅርቱ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እሷኑ መለስኩ። ብዙ የማውቀው ነበረኝ፤ ግን ሳልጠየቅ አልናገርም።»

«ጠያቂህ ማን ነው?»

«ሐኪሙ ነዋ!»

ደም ሳልጠየቅ አልናገርም አለ፤ ወረቀት ቃሌን አላጥፍም አለ፤ ሐኪም አላዝም አለ፤ ኪኒን አልጨምርም አለች፤ እጅ አልሞቅም አለ፤ እንዝርት አልሾርም አለ፤ የስመኝ ክር ቀረ።

እናኑ ሦስት ቀን አሰበች። ከእናቷ የወረሰችው ልማድ አላት፤ በየዓመቱ ከፈተለችው አንዲት ልቃቂት ለሸማኔ ማሳያ ታስቀራለች። ከእነዚያ ሁለቱን መረጠች፤ ሦስተኛ የሰሞኑን ጨመረች። በሙዳይ ይዛ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች፤ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይም ደረደረቻቸው።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የኔ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ይኼኛው ከመታመሜ በፊት የፈተልኩት። ይኼኛው ኪኒኑን በጀመርኩ በዓመቱ፣ ደህና በነበርኩ ጊዜ። ይኼ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ነው። እስቲ ጎትት!»

የመጀመሪያውን ጎተተ፤ ጣቱን ከረከረው እንጂ አልተበጠሰም። ሁለተኛውን ጎተተ፤ እሱም ጸና። ሦስተኛው ገና ሲነካው ብጥስ አለ። ዳበሰው፤ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን፣ ሁሉም ቋጠሮ።

«ወረቀትህ ከሰው ሁሉ ጋር አስተያየኝ» አለች እናኑ ቀጥ ብላ። «እኔ ግን ያነስኩት ከራሴ ነው። በአፌ ብሳሳት እንኳ በፈትሌ አልዋሽም።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጥሩን አየሁ እንጂ እርስዎን አልጠየቅኩም። በሉ እስቲ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» እሷም ነገረችው፤ እሱም ሰማ።

ሐኪም ደምን ደግሞ ጠየቀ፤ ደም «ብረት አንሶኛል» አለ፤ ወረቀት ያንኑ ጻፈ፤ ሐኪም የብረት ኪኒን አዘዘ። «የማለዳዋን ከዋጡ አራት ሰዓት ሙሉ ሳያልፍ ይቺን እንዳይነኩ፤ እየተመላለሱም ያሳዩኝ» አላት። ኪኒን ከኪኒን ጋር ተጋገዘች፤ እጅ ሞቀ፤ እንዝርት ሾረ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ልቃቂቶቹ ለሸማኔው ተሰጡ።

በጥር ስመኝ ነጭ ለብሳ ወጣች። የሙሽራው አክስት ጥበብ አዋቂ ናቸው፤ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሹ፣ ወደ ብርሃን አነሱ፣ ቋጠሮ ፈለጉ፣ አጡ።

«ይኼን የፈተለ እጅ የማን ነው?» አሉ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ።

እናኑ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የኔ» አለች።

ለነጋሪው ጤና፣ ለሰሚውም ጤና ይስጥልን።