ማጉ የሚያልቅበት ሰዓት

«አንድ ሸማኔ ነበረ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸበት ሐሙስ ቀን ነው» አሉ መምህር አዳሙ።

ከፊታቸው የተቀመጠው ወጣት በጤና ጣቢያ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚመጡ ሰዎችን የሚያማክር ነበር። «ለሁሉም የምሰጠው ምክር አንድ ነው። አንዱን ያድነዋል፤ ሌላው ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንትም አንዱ አልሰማ ቢለኝ ከመዝገቤ ሰረዝኩት። ጥፋቱ የሰሚው አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። መምህሩ የሸማኔውን ታሪክ ቀጠሉ።

ሸማኔው ሚስቱ በሕይወት ሳለች ከጠላ አልፎ የሚሄድ ሰው አልነበረም። እሱ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ሲሸምን፣ እሷ ከአጠገቡ ተቀምጣ በድሩ መሐል የሚወረወረውን ክር፣ ማጉን፣ በቀሰም ላይ ታጠነጥንለታለች። ክሩ ሲያልቅበት ቀና ሳይል እጁን ይዘረጋል። እሷም «ትሸምነዋለህ ወይስ ትበላዋለህ?» እያለች ሌላ ቀሰም ታስጨብጠዋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከሞተች ወዲህ ጠዋት ራሱ የሚያጠነጥነው ማግ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል። እጁን ይዘረጋል። የሚያስጨብጠው የለም። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ወጥቶ አረቄ ቤት ይሄዳል።

ውሎ አድሮ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ድሩም ይበጠስበት ጀመር። ሙያውን ከማጣቱ በፊት መዳን ፈለገና በገዛ እግሩ ወደ አንድ መካሪ ሄደ። መካሪው የተማረ፣ ቅን ሰው ነበር። ብዙዎችን ከመጠጥ ያላቀቀበት አንድ ንግግር አለው፤ በቃሉ ይዞታል፤ ሲናገረውም ያምርበታል። ያን ሐሙስ ለሸማኔውም ያንኑ ነገረው። «ሲመሽ ቤትህ ግባ። ሚስትህ ደጅ ደጁን እያየች ነው። አንተ መለኪያ ስትጨብጥ እሷ ምን እንደምትጨብጥ አስብ።»

ሸማኔው አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ ወጣ። ያን ቀን የጠጣውን ያህል በዕድሜው ጠጥቶ አያውቅም።

መካሪው ጠብቆ ጠብቆ ሲቀርበት፣ መዝገቡ ላይ «ምክር አይቀበልም» ብሎ ጻፈ። ቃሉ ከመዝገብ ወጥቶ ሰፈር ገባ። ሸማኔው ከወር በኋላ ተመልሶ ቢመጣ የመካሪው ዘበኛ «አንተማ ምክር አትቀበልም ተብለሃል እኮ» ብሎ ከበር መለሰው። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ። ሰውን «ምክር አይቀበልም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ «ምክሬ እሱን አይመለከትም ነበር» ተብሎ የተጻፈበት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

በስድስተኛው ዓመት መካሪው ለአባቱ ጋቢ ሊያሠራ ፈለገ። «ጠዋት ጠዋት እጁ የሚደነቅ ሸማኔ አለ» ብለው ሰዎች ላኩት። ሸማኔው መካሪውን ገና ከበር ሲገባ አወቀው፤ መካሪው ግን አላወቀውም።

«ለማን ነው?» አለ ሸማኔው።

«ለአባቴ።»

«ቁመታቸውስ?»

«ረጅም ነበሩ፤ አሁን ጎብጠዋል።»

«የሚለብሱት ቁጭ ብለው ነው ወይስ ቆመው?»

«ቁጭ ብለው። እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆየ።»

«ብርዱ የሚበረታባቸው ትከሻቸው ላይ ነው ጉልበታቸው ላይ?»

መካሪው ሳቀ። «ጋሼ፣ ለአንድ ጋቢ ይህ ሁሉ ጥያቄ?»

«ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ረጅም ጋቢ መሬት ይጎተትበታል። ሳልጠይቅ ሠርቼ አልስማማቸው ቢል፣ አባትህ ጋቢ አይለብሱም ልበል?» አለ ሸማኔው። ከዚያም ድሩን በእጁ እየዳበሰ፣ «አንተም ያን ሐሙስ አንዲት ነገር ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ሚስቴ መሞቷን እነግርህ ነበር» አለው።

መካሪው ያን ጊዜ አወቀው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። የሚያምርበትን ንግግር አላነሣም።

«የሚጠጡት መቼ ነው፣ ጋሼ?»

ሸማኔው የያዘውን ድር ለቀቀ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ማጉ ሲያልቅብኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ መካሪው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እየመጣ ከአጠገቡ ይቀመጥ ጀመር። ያጠነጥንለታል። አይችልበትም፤ ክሩን ያወሳስበዋል። ሸማኔውም «ትምህርትህ እዚህ ሳይደርስ ነው የቆመው?» ይለዋል። የተወሳሰበውን አብረው እየፈቱ ስለ ሟቿ ያወራሉ፤ ምን ትወድ እንደነበር፣ ስትቆጣ እንዴት ትስቅ እንደነበር። አንዳንድ ቀን ሸማኔው ያመልጠውና አረቄ ቤት ይገኛል። መካሪው በማግስቱም ይመጣል። ጋቢው በሁለት ወር አለቀ፤ አረቄውን ግን የተወው በዓመቱ ነው።

በተወ ጊዜ ሸማኔው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «አምስቱ ዓመትስ? የማን ጥፋት ብለህ ነው የምትጽፈው?»

መምህር አዳሙ እዚህ ላይ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሸማኔው በየቀኑ አንተ ዘንድ የሚመጣው ሰው ነው። ንግግሩ ያው የምትወደው ምክርህ ነው፤ መጥፎ አይደለም፤ ሚስቱ ደጅ ለምትጠብቀው ሰው የተሠራ ነው። ሁሉም የሚጠጣው አንድ አረቄ ነው፤ ወደ አረቄው የሚሄድበት መንገድ ግን ለየራሱ ነው። መንገዱን ሳታውቅ ከየት ልትመልሰው? በል አሁን፣ ባለፈው ሳምንት አልሰማ አለኝ ብለህ ከመዝገብህ የሰረዝከው ሰው አለ። ምን ሲሆን ነው የሚጠጣው? ሌላ ሰው አልጠይቅም፤ አንተ መልስልኝ።»