መስኮት የሌለው ግድግዳ

እኛ ሰፈር አንድ አባባል አለች። ከየት እንደመጣች እነግራችኋለሁ፤ ጋሽ ሽብሩ ፊት ግን እንዳትደግሟት፣ ሰውየው ገና በሕይወት አሉ።

አብሮ አደጌ የሺመቤት የጋሽ ሽብሩ ጎረቤት ናት። ሦስት ልጆቿ አግብተው የቤት ኪራይ ቢያንከራትታቸው፣ አሮጌ ቤቷን አፍርሳ ለሁሉም የሚበቃ ፎቅ ልትሠራ ተነሣች። ጋሽ ሽብሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ አልነበራቸውም፤ አሁን አገኙ። «ፎቁ ጌሾዬን ፀሐይ ይከለክላል» ብለው ወረዳ አቤት አሉ። መሐንዲሱ መጥቶ ቢያይ ጌሾው ሁለት እግር ነው፤ እሱም ከደረቀ ቆይቷል።

«እሺ፣ መስኮቱስ?» አሉ። «ሸሚዜን አውልቄ ግቢዬ ብቀመጥ ቁልቁል ሊያዩኝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ጉዳዬ ብሎ!» አለች የሺመቤት።

ሽማግሌ ላክንባቸው፤ ወይ ፍንክች! ግንባታው ዓመት ሙሉ ታገደ። እኔማ ተናድጄ ሰላምታ ነሳኋቸው። በመጨረሻ የሺመቤት ክረምት ሳይገባ ልጆቿን ማስገባት ነበረባትና፣ በእሳቸው በኩል ያሉትን አራት መስኮቶች በብሎኬት አስደፈነች። ልጆቿ በጠራራ ፀሐይ መብራት እያበሩ ይኖሩ ጀመር። ጋሽ ሽብሩም ሸሚዛቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

ሐምሌ ላይ ጣሪያቸው አፈሰሰ። መዶሻ ይዘው ቆርቆሮው ላይ እንደወጡ መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ። ብቸኛ ሰው ናቸው፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቢጮኹ የደረሰላቸው የለም። ዝናቡም መጣ። የፎቁ ግድግዳ ከጣሪያቸው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ በመዶሻ ይደበድቡት ጀመር። የሺመቤት በደንብ ሰምታለች።

«ደግሞ ዛሬ ግድግዳው ምን አደረጋቸው?» አለችና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አባባ ወልደየስ በላይኛው መንገድ ሲያልፉ፣ ጋሽ ሽብሩ ቆርቆሮው ላይ ኩርምት ብለው ሲንቀጠቀጡ አዩ። ጮኸው እኛን ጠሩንና ገብተን መሰላሉን አቆምንላቸው።

ጋሽ ሽብሩ እግራቸው መሬት ሳይነካ ጀመሩ። «ይሄ ጎረቤት ነው? ልሞት ነበር እኮ! ያን ሁሉ ሰው የያዘ ፎቅ አጠገቤ ቆሞ፣ አንድ እንኳ የሚያየኝ ልጣ?»

አባባ ወልደየስ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና፣ «አይ ሽብሩ» አሉ፣ «መስኮት ያስደፈነ፣ የሚያየኝ አጣሁ አይበል።»