የሚያነክሱት ወንበሮች

አንድ ቀን፣ ያውም ጭነት በሚወጣበት ቀን፣ ቃሊቲ ባለ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። ባለቤቱ ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ እሳቸው ሲራመዱ የሰማ የአቃቂ ሰው ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን ልብስ ያነሣል። ሰውየው ችኩል ስለሆኑ ወንበሩ ቅርጽ ከሚይዝበት ሞልድ ሳይበርድ እየተጎተተ ይወጣል። ትኩስ ፕላስቲክ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ካጣደፉት ሲበርድ ይጣመማል።

ጥራት ተቆጣጣሪው አጥናፉ አንዱን ወንበር ለጥ ያለ የብረት ሰሌዳ ላይ አቆመና፣ እንደ ምላጭ የሳሳውን መለኪያ በእግሮቹ ሥር ሊሰድ ሞከረ። ሦስቱ እግሮች አላሳልፍ አሉት። በአራተኛው ሥር ግን እንኳን መለኪያው፣ አይጥ ከነቤተሰቧ ታልፍ ነበር። ሌላ አነሣ፤ ያው ነው። ሃያ ለካ፤ ሃያውም አንካሳ።

ወንበሮቹን የገዙት ድንኳን አከራይዋ ወይዘሮ የሺመቤት ደግሞ መኪናቸውን አስጠግተው በር ላይ ቆመዋል። «አጥናፉ ያልፈረመበትን አልጭንም» ብለዋል።

«ፈርም እንጂ» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ጋሼ፣ አምስት ሚሊ ተንጠልጥሏል። የሚፈቀደው አንድ ነው።»

«አለካክ አታውቅበትም፤ ና ላሳይህ» አሉና ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉበት። ምስኪኑ ወንበር ሲጥ ብሎ አራቱንም እግሩን ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። «በል አሁን መለኪያህን ስደድ።»

አጥናፉ ተንበርክኮ ሞከረ። እንኳን ብረት፣ ትንፋሽም አያልፍ።

«አለፈ?»

«ኧረ አላለፈም ጋሼ።»

«እንግዲያው ወይ ትፈርማለህ፣ ወይ ጋዋንህን አውልቀህ በዚያ በር ትወጣለህ።»

አጥናፉ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ስምንት ዓመት ሲፈርም የኖረበትን ዓይነት የጥራት ወረቀትም ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ወይዘሮዋም ከበሩ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል።

«እፈርማለሁ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ብቻ አንድ ነገር ቸግሮኛል። ወይዘሮ የሺመቤት የሚጭኑት ሦስት መቶ ወንበር ነው፤ በየወንበሩ ላይ አስቀምጠን የምንልከው ሦስት መቶ ጋሽ ሽብሩ ከየት እናምጣ?»

ጋሽ ሽብሩ ሊቆጡ ብድግ ሲሉ፣ ወንበሩ ቀጭ ብሎ አንድ እግሩን አነሣ። ዞር ብለው አዩት። አጥናፉንም አዩት።

«ለመሆኑ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስኪበርድ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?»