ጃርት የነቀለው እሾህ

ተረት ይዤ መጣሁ፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ማልቀስ የሚያሳፍረው ካለ ግን ካሁኑ ውጭ ወጥቶ ይጫወት።

በድሮ ዘመን በአንድ ደብር ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበረ። የደኑ እንስሳት ሰዎቹ በየወሩ ተሰብስበው ጽዋ ሲጠጡ በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። አይተውም ቀኑ፤ ቀንተውም የራሳቸውን የእመቤታችንን ማኅበር አቆሙ። ወር በገባ በሃያ አንድ ከትልቁ ወይራ ሥር ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቀመጣሉ። የሸክላዋ ጽዋም ብርዝ ተሞልታ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራለች።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የሚሉት፣ አያ ዝንጀሮ ነበር። አያ ዝንጀሮ ስብከት አያመልጠውም። ቅጥሩ ላይ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። መያዝ ብቻ!

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ሚዳቋ ነበረች። የሚዳቋ ጎረቤት ጃርት ነው። ጃርት ዘመድ የለው፣ ጓደኛ የለው፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በሃያ አንድ ቀን የማኅበሩ ሳቅና ጨዋታ ሲሰማው ሆዱ ይባባል።

«እቴ ሚዳቋ፣ እኔንም ያስገቡኝ ይሆን?»

«ምን ከፋ? ና ጠይቃቸው» አለችው።

ሄዶ ጠየቀ። አያ ዝንጀሮ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ከማን ጎን ልትቀመጥ ነው? ይህ ሁሉ እሾህ እኮ ማኅበርተኛውን ወንፊት ያደርገዋል! ነቅለህ ና፤ ያን ጊዜ ወንድማችን ትሆናለህ።»

ማኅበርተኞቹ ከት ብለው ሳቁ። ሚዳቋ አልሳቀችም፤ ግን ዝም አለች።

ጃርት ጉድጓዱ ገብቶ እሾሁን መንቀል ጀመረ። ከጎኑ ነቀለ፣ ከትከሻው ነቀለ፣ የጀርባውን ግን ሊደርስበት አልቻለም።

«እቴ ሚዳቋ፣ ንቀይልኝ።»

«ያምሃል እኮ!»

«ብቻዬን መቀመጡም ያመኛል» አላት።

ሚዳቋ በጥርሷ እየያዘች አንድ በአንድ ነቀለችለት። እሱ እያቃሰተ ይጠይቃታል። «ብርዙ ይጣፍጣል? ጽዋዋስ ትከብዳለች? ከማን ጎን ያስቀምጡኝ ይሆን?» የመጨረሻዋ እሾህ የወጣችው በሃያ አንድ ዋዜማ ነው።

በማግስቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ። አያ ዝንጀሮ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ወይ ጉድ! ደም እያንጠባጠብክ ነው እንዴ ወደ ጽዋ የምትቀርበው? ደም የሚፈሰው አይገባም። ሲሽርልህ ና!»

«አያ ዝንጀሮ፣ ነቅለህ ና ስላሉኝ እኮ ነው።»

«ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም!»

ሚዳቋ አንገቷን ደፋች። አሁንም ዝም አለች። ከማኅበሩ ያስወጡኛል ብላ ፈራች።

አንድ ወር አለፈ፣ ቁስሉም ሻረ። አዲስ ብቅ የሚለውን እሾህ ሚዳቋ እየነቀለች ትጥልለታለች። ሃያ አንድ ሲደርስ ጃርት ድንች ቆፈረ። ትልቁን መርጦ፣ አፈሩን አራግፎ፣ «የመጀመሪያ ድርሻዬ» ብሎ በአፉ ያዘና ለሦስተኛ ጊዜ መንገድ ጀመረ።

ከመንገዱ ዳር አያ ጅቦ ተኝቷል። ድሮ የጃርት እሾህ ሲንሿሿ ከሰማ ጅራቱን ቆልፎ ገለል ይል ነበር። ያን ቀን ምንም አልሰማም። ቀና ሲል ድንች የያዘ ለስላሳ ሥጋ በፊቱ ያልፋል። የቀረውን አልነግራችሁም።

ሚዳቋ ጩኸት ሰምታ እየሮጠች ብትደርስ፣ አያ ጅቦ ኮቴዋ የሰው መስሎት ሸሽቷል። ጃርት ግን ወድቋል።

«እቴ ሚዳቋ፣ አሁን እንኳ የምወጋው የለም። ያስገቡኛል አይደል?»

«ያስገቡሃል» አለችው እያለቀሰች። «ከኔ ጎን ትቀመጣለህ።»

ፈገግ አለ። በዚያው አረፈ።

ሚዳቋ ድንቹን አንስታ ወደ ወይራው ሄደች፤ ከክቡም መካከል ጣለችው።

«ጃርት የላከው ድርሻ ነው። እሾሁን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ‹ከኔ ጎን ይቀመጥ› ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። ሦስት ቃል ከበደኝ።»

አያ ዝንጀሮ ተጨንቆ ጽዋዋን ወደ አፉ ሊያነሣት ሲል፣ ጽዋዋ ተናገረች።

«ቆይ አያ ዝንጀሮ። ጌታ ለምጻሙን እንዴት እንዳነጻው ሲሰበክ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«መጀመሪያ ምን አደረገ?»

አያ ዝንጀሮ አሰበ። «መጀመሪያ... ዳሰሰው።»

«ንጻ ያለው ከዳሰሰው በኋላ ነው። እናንተ ግን ለጃርት መጀመሪያ ንጻ አላችሁት።»

ያን ቀን ብርዙን የቀመሰ የለም። ጃርትን አምጥተው ከወይራው ሥር፣ ከሚዳቋ መቀመጫ ጎን ቀበሩት። ዘግይቶም ቢሆን ከማኅበሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጽዋዋ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች፤ ሚዳቋም «ወንድሜ፣ ድርሻህ» ትለዋለች። የሚመልስላት የለም።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ለጃርት እሾህ የሰጠው እንዲኖርበት ነበር። የማይመስላችሁን መውደድ ማለት እናንተን እስኪመስል መጠበቅ አይደለም፤ ከነእሾሁ ቦታ መስጠት ነው።

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ። ነገ ማንም የማይጠጋው ልጅ ስታዩ ግን «ከኔ ጎን ተቀመጥ» በሉት።